ሦስቱ አንዳርጌዎች

አንድ ከተማ በሦስት ሰዎች ይኮራ ነበር፤ የሦስቱም ስም አንዳርጌ ነው። አንደኛው አንዳርጌ ዳኛ ነው፤ እሱ የፈረደውን ይግባኝ የሚል አይገኝም። ሁለተኛው አንዳርጌ ነጋዴ ነው፤ የጨው ሲራራው ከተማ ሲገባ የበቅሎዎቹ መጨረሻ አይታይም፤ ጠመንጃ ያነገቱ አጃቢዎቹም ብዙ ናቸው። ሦስተኛው አንዳርጌ ወጌሻ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻውን ይኖራል፤ ሌሎች ተስፋ የቆረጡበትን ስብራት እሱ ያቃናዋል። እናቶች ወንድ ልጅ ሲወልዱ አንዳርጌ ይሉታል። የትኛውን አንዳርጌ አስበው እንደሆነ ሲጠየቁ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ዳኛው ስሙን ከሌሎች ጋር መጋራቱ ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም ተጠቅሞበታል። አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ገበሬ "አንዳርጌ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?" ብሎ እግሩ ላይ ወደቀና፣ ልጄን ስላዳኑልኝ ብሎ አንድ ገንቦ ማር ሰጠው። ገበሬው የፈለገው ወጌሻውን ነበር። ዳኛው "እኔ አይደለሁም" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ማሩን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ትንሽ ነገር ናት፤ ዝም ማለትን የለመደው ግን ያን ቀን ነው።

አንድ ምሽት ዳኛው ከሌላ ደብር ሰርግ ሲመለስ፣ ጠጁን ከልኩ በላይ ጠጥቶ ነበርና ከበቅሎው ወደቀ። ቀኝ ትከሻው ወለቀ። በቅሎዋ ጥላው ወደ ቤቷ ሄደች። እሱም እያቃሰተ፣ እየተንፏቀቀ ብርሃን ወዳየበት ጎጆ ደረሰ። ቤቱ የወጌሻው ነበር። ወጌሻው ትከሻውን ወደ ቦታው መለሰለት፣ በቅቤ አሸው፣ በጨርቅ አሰረለት፤ ሕመሙ እንዲበርድለትም እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ወንድሜ፣" አለው ዳኛው ሊነጋጋ ሲል፣ "ዳኛው ሰክሮ ወደቀ ከተባለ መሳቂያ ሆኜ መቅረቴ ነው። እዚህ ማደሬን ማንም እንዳይሰማ፤ ቃልህን ስጠኝ።"

"ቃሌን ሰጥቻለሁ ጌታዬ። ወጌሻ የሰውን ስብራት አያወራም፤ አባቴም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ብቻ አደራዎን፣ ክንድዎን ቶሎ አያንሱት።"

ዳኛው ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ "ለዳኝነት ወጥቼ እዚያው አደርኩ" አላት።

በዚያችው ሌሊት የገበያው ዘበኛ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። ገዳዩን ያየ ሰው አለ ይባላል፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ስለዚህ በአገሩ ልማድ አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በሽማግሌው ፊት ያልፋል፤ ያየ ያየውን በጆሮ ይናገራል፣ ያላየ አላየሁም ብሎ ይምላል። ምስጢሩን የሚናገረው ሰው "ወፍ" ይባላል። ወፍ ማን እንደሆነች አይነገርም። የተናገረችውንም ድገሚ አትባልም፤ ተመልሳ ከተጠራች ትታወቃለች፣ ከታወቀች ደግሞ ትገደላለች።

ሽማግሌው አባ ጫኔ የሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቁሮ ተነሡ።

"ወፍ፣ አንዳርጌ ብላለች" አሉ።

"የትኛው አንዳርጌ?" አለ ሰው ሁሉ።

"አልነገረችኝም። ተመልሼም ልጠይቃት አልችልም።"

ዳኛውን ቀና ብሎ ያየው የለም፤ በፍርድ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ማን ይጠረጥራል? ነጋዴው ወደ አጃቢዎቹ ዞረ፤ እነሱም "ጌታችን ያን ሌሊት ከእኛ ጋር በረሃ ነበሩ" ብለው ማሉለት። የሚምልለት ያጣው ወጌሻው ብቻ ሆነ።

"አንተስ የት ነበርህ?" አለው ዳኛው። ሰው እንዳይጠረጥረው ማሰሪያውን ፈትቶ ነበር የመጣው።

"ቤቴ ነበርኩ ጌታዬ። ብቻዬን ግን አልነበርኩም።"

"ከማን ጋር ነበርህ? ስሙን ጥራ።"

ወጌሻው ዳኛውን ትክ ብሎ አየው። "ቃል ስለሰጠሁ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ግን እዚህ አለ፤ የምለውንም ይሰማል። እሱ ራሱ ይናገር።"

ሰው ሁሉ ግራና ቀኙን ያይ ጀመር። ዳኛው ለመናገር ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር። ስካሩ ቢሰማበት እንኳ ከጊዜ ጋር ይረሳለት ይሆናል። ነገር ግን ወጌሻው ንጹሕ ነው ካለ ጣቱን ወደ ነጋዴው መቀሰሩ ነው፤ የነጋዴው ጠመንጃዎች ደግሞ ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ወጌሻው ጠመንጃም የለው፣ ዘመድም የለው፤ ቢሞት ደሙን የሚመልስ አይኖርም። ዳኛው ይህን ሁሉ ያሰበው ምራቁን እስኪውጥ ባለው ጊዜ ነው።

"የሚናገር አለ?" ብሎ ሜዳውን ቃኘ፤ ራሱም ሰውየውን የሚፈልግ መሰለ። "እንግዲያው ስሙ ተጠርቷል፤ ምስክርም የለውም። ይሰቀል!" አለና ፍርዱን ለማጽናት ቀኝ እጁን አነሣ።

ወጌሻው አየው፣ አየውና በዝግታ "ጌታዬ፣ ክንድዎን ዝቅ ያድርጉት፤ ገና አልጠናም" አለው።

ሰዎች በድንጋጤ የሚቀባጥር መሰላቸው። ሜዳው ዳር ካለው ግራር ላይ ሰቀሉት። ዳኛው ያን ማታ እራት አልበላም። በማግስቱ ግን በላ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ክረምቱ አለፈ። በዚያ ከተማ ከዚያ ወዲያ የተሰበረ ሁሉ አንካሳ ሆኖ ቀረ። ከዕለታት አንድ ቀን በሬ ተሰርቆ ሌላ አውጫጭኝ ተጠራ። አባ ጫኔ የሁሉንም ሰምተው ተነሡ።

"ወፍ ስለ በሬው አልነገረችኝም" አሉ። "'የሰቀላችሁት እኔ ያልኋችሁን አንዳርጌ አይደለም' ብላኛለች።"

ወፍ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ጠመንጃዎቹ ዛሬም ከሜዳው ዳር ቆመው ነበርና ምን እንዳስፈራት መገመት አይከብድም። የዘበኛው ሚስት እንደ አዲስ እሪ አለች። የሰው ሁሉ ዓይን ነጋዴው ላይ አረፈ፤ አጃቢዎቹ እንደገና ማሉለት። ያኔ ዓይኖቹ ሁሉ ወደ ፍርድ ወንበሩ ዞሩ።

"ጌታዬ፣" አሉ አባ ጫኔ፣ "ያን ሌሊት እርስዎ የት ነበሩ?"

"እኔ? ቤቴ ነዋ!"

ሚስቱ አንገቷን ደፋች። ያን ሌሊት በቅሎዋ ባዶዋን እንደገባች የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ዳኛውም ይህ እንደማያዋጣው ገባው።

"ወጌሻው ዘንድ ነበርኩ!" ብሎ ጮኸ። "ትከሻዬ ወልቆ ያቃናልኝ እሱ ነው! እስኪነጋ ከአጠገቤ አልተለየም!"

ከሕዝቡ መሃል አንዱ "ክንድዎን ዝቅ ያድርጉት ያለው ለካ..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ቀረ።

"ምስክርህ ማን ነው?" አሉ አባ ጫኔ። ከዚያች ቀን በፊት ዳኛውን አንተ ብለውት አያውቁም።

ዳኛው ወጌሻው የተሰቀለበትን ግራር ቀና ብሎ አየ።

"እንግዲህ ስማ" አሉት ሽማግሌው። "የምትለው ውሸት ከሆነ ዘበኛውን የገደልኸው አንተ ነህ። እውነት ከሆነ ደግሞ ወጌሻው ንጹሕ መሆኑን ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበር፤ እያወቅህ ሰቀልኸው። በየትኛው ደም እንፍረድብህ? አንተው ምረጥ።"

ዳኛው አልመረጠም። ሊሰቅሉት ክንዶቹን የኋሊት ሲያስሩት ትከሻው ምንም አላመመውም። ወጌሻው በደንብ አድርጎ ነበር ያቃናለት።

ነጋዴው አንዳርጌ አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ተዝካሩም ድል ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ከተማ ልጇን አንዳርጌ ብላ የጠራች እናት የለችም።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ነጋዴው እንዴት አመለጠ ብሎ ይናደዳል፤ መናደዱም እውነቱን ነው። ግን ዳኛውን እንዳንረሳው። ዳኛው ወጌሻውን ጠልቶት አይደለም የፈረደበት፤ ፈርቶ ነው። ዝም ሲል ሌላ ሰው የሚሞትለት መስሎት ነበር፤ የሰቀለው ግን የራሱን ብቸኛ ምስክር ነው። እኛም ንጹሕነቱን የምናውቅለት ሰው ሲወነጀል ዝም ባልን ቁጥር፣ ነገ ስማችን ሲጠራ ስለ እኛ የሚናገረውን ሰው በገዛ እጃችን እንቀብራለን።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በሜዳው መሃል ቆሞ፣ ስምዎን ሳይጠራ፣ እርስዎ እስኪናገሩለት የሚጠብቅ ሰው ማን ነው?