መስታወቷ ጉም የለበሰባት መኪና

ኢልሃም በስድስት ዓመቷ ሞታለች።

በአንድ ወቅት፣ ይህች ልጅ በሕይወት ሳለች፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ክንድ የማትሞላ ከባድ መኪና ተሠራች። መኪናዋ በኋላ ሦስት ሰዎችን አጣላች። ሦስቱም ልጅቷን ይወዱ ነበር፤ የሦስቱም እጅ መኪናዋ ላይ አለበት። ነገሩን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን ግን ከእኔ አትጠብቁ።

አንደኛው አባቷ እንድሪስ ነው። ከጅቡቲ ብረት ጭኖ ኮምቦልቻ ያራግፋል፤ ከኮምቦልቻ ዱቄት ጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ኢልሃም ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረባት። እንደ እኩዮቿ ሮጣ መጫወት አትችልም። መስኮት ሥር ተቀምጣ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች በድምፃቸው ትለያለች። «ይሄ የአባዬ አይደለም» ትላለች። «ይሄም አይደለም።»

እንድሪስ አንድ ቀን ጅቡቲ ሱቅ ውስጥ አንድ ካርቶን አየ። ላዩ ላይ ተሳቢ የሚጎትት ቀይ መኪና ተሥሏል። ውስጡ ግን መኪና የለም፤ ከሦስት መቶ የሚበልጡ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ተደርድረዋል። እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያጣበቀ መኪና የሚያደርጋቸው ገዢው ነው። ሻጩ መኪናዋ ከእውነተኛዋ ሃያ አራት ጊዜ እንደምታንስ ነገረው። እንድሪስ ገዛት።

«እንዳትከፍቺው» አላት ልጁን። «እኔና አንቺ ነን የምንሠራው።»

«መቼ?»

«ከዚህ ጉዞ ስመለስ።»

አራት ጊዜ ሄደ፤ አራት ጊዜ ተመለሰ። ሲመጣ ይተኛል፤ ሲነቃ ጭነት ይጠብቀዋል። ካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ እንደታሸገ ቆየ።

ሁለተኛው የእናቷ ወንድም ሙሄ ነው። ሞባይል ይጠግናል። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ ይዞ ሲበይድ እጁ አይንቀጠቀጥም። እንድሪስ ለአምስተኛ ጊዜ በወጣ ሰሞን ልጅቷ ታማ አልጋ ያዘች። ሙሄ ሊጠይቃት ቢመጣ ዓይኗ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

«አባቷ አይከፈት ብሏል» አለችው እህቱ ዘምዘም።

«ለአባቷ እኔ መልስ እሰጣለሁ» አለና ካርቶኑን አወረደ።

ከዚያ በኋላ ሱቁን በየቀኑ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ዘጋ። ቁርጥራጮቹን አልጋዋ ላይ ይደረድራል። እሷ ከመመሪያው ወረቀት ላይ ቁጥሩን ትጠራለች፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ያጣብቃል። ኢልሃም ቁጥር ማንበብ የተማረችው ከዚያ ወረቀት ነው። በሃያ ሦስት ቀን የመኪናዋ አጽም፣ ሻንሲው፣ ቆመ፣ ጋቢናው ተቀመጠ፣ ጎማዎቹ ዞሩ። ሙሄ መመሪያው ያላዘዘውንም ጨመረ፤ ከተበላሹ ሞባይሎች ትንንሽ መብራቶች ነቅሎ መኪናዋ ፊት ላይ ገጠመ። ሳይገጠም የቀረ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ የሹፌሩ ትንሽ ቅርጽ። ኢልሃም «እሱ አባዬ ሲመጣ ነው የሚገባው» ብላ በመሀረብ ቋጠረችው።

ሦስተኛው ጎረቤታቸው ቢተው ነው። የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፤ ከባድ መኪና ይቀባል። መኪናዋን በመስኮት አያት። ካርቶኑ ላይ እንዳለችው ቀይ ናት፤ ታብረቀርቃለች።

«ታምራለች» አለ። «የማን መኪና ናት?»

«የአባዬ።»

«ኧረ ተይ! የአባትሽማ ሰማያዊ ነው። ደግሞ እንዲህ አያብረቀርቅም፤ የሚሌ በረሃን አቧራ የጠጣ መኪና ነው።»

ኢልሃም መኪናዋን አየቻት። ከዚያ በሁለት እጇ አንሥታ በመስኮት አቀበለችው።

ቢተው ሙሄን አልጠየቀም። ቤቱ ወስዶ ቀዩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ሰማያዊ ቀባት። ጎማዎቿ አጠገብ ዝገት ሣለ፤ ጎኗ ላይ አቧራ ነፋ። እንድሪስ ባቲ አጠገብ ግመል የገጨ ጊዜ የትልቁ መኪና የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቢተው ምስማር አግሎ የትንሿንም እዚያው ቦታ ላይ አጎደጎደው። በመጨረሻ ግንባሯ ላይ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጻፈ። በትልቁ መኪና ላይም የጻፈው እሱ ነው፤ ፊደሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። በሦስተኛው ቀን መለሳት።

ሙሄ ሲያያት ደሙ ፈላ። «ሃያ ሦስት ቀን የለፋሁባትን ፋቅካት?»

«ቀለሙን ነው የፋቅሁት። መኪናህን ማን ነካብህ?»

ኢልሃም ሁለቱንም አልሰማቻቸውም። የተጎደጎደውን ፓራውልት በጣቷ ትዳስሳለች። ቀይ ሳለች መኪናዋ ታድር የነበረው ቁም ሳጥን ላይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትራስ ላይ አደረች።

እንድሪስ በሳምንቱ መጣ። ከግቢው በር ላይ ሳቅ ሰማ። ቤት ሲገባ ሙሄና ቢተው ጠባቸውን ረስተው አልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ልጁ መሀላቸው ናት። ቢተው የአንዱን ጎማ ዳር እንደገና ቀብቶላት ነበር።

«አባዬ!» አለች። እጁን ሲዘረጋ ግን ጮኸች፤ «ቆይ ቆይ እንዳትነካት! ጎማዋ አልደረቀም።»

እንድሪስ ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ። ዓይኑ ባዶው ካርቶን ላይ አረፈ።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሙሄ።

«አይከፈት አላልኩም?»

«ብለሃል። ታዲያ ካርቶን እያየች ትተኛ?»

«አብሽር እንድሪስ» አለ ቢተው በመሀል። «ያንተኑ መኪና እኮ ነው የሠራንልህ!»

«የሠራንልህ» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ገባችበት። ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ሙሄ ገና ሳይጠይቅ ኢልሃም ሞረዱን ታቀብለዋለች። ቢተው «ሚሌ» ሲል እሷ ትስቃለች፤ የሚያስቃትን ነገር እንድሪስ አያውቅም። በመኪናዋ አልቀናም፤ በሃያ ሦስቱ ቀን ቀና። እሱ መንገድ ላይ ሲያዛጋ እነዚህ ሁለቱ እዚህ ነበሩ። ልጁ ከእነሱ ጋር የራሷ ቋንቋ አላት።

«እስቲ እኔም አንድ ነገር ላጣብቅ» አለ።

ኢልሃም እጁን ይዛ መዳፉን አገላበጠች። «አንተ አትችልም አባዬ። ጣትህ ወፍራም ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እንድሪስም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ተነሥቶ ወጣ።

ዘምዘም ተከትላው የሹፌሩን ነገር ነገረችው። «ላንተ ብላ ነው ያስቀመጠችው። ሙሄም እሺ ብሎ ቦታውን ክፍት ተወው።»

በማግሥቱ ጠዋት ኢልሃም ተኝታ ሳለ እንድሪስ መሀረቡን ፈታ። ለፕላስቲክ የሚሆነው ማጣበቂያ ሙሄ ዘንድ ነው። ሄዶ ሙሄን መለመን ሞት መሰለው። ከትልቁ መኪናው የመፍቻ ሣጥን ሱፐር ግሉ አመጣ። የፊት መስታወቷን በቢላ ጫፍ አነሣ፤ ሹፌሩን መሪው ኋላ አስቀመጠ፤ መስታወቱን መልሶ ዙሪያውን ለጠፈ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ደስ አለው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መስታወቱ ነጣ። የማጣበቂያው እንፋሎት ጋቢናው ውስጥ ታፍኖ ከውስጥ በኩል እንደ ወተት አለበሰው። ሹፌሩ ጠፋ።

ሙሄ ሲመጣ ራሱን ያዘ። «በሱፐር ግሉ? መስታወት ያለበት ቦታ? ብትጠይቀኝ ምን ነበረ?»

«ለገዛ ልጄ መኪና አንተን ላስፈቅድ?»

«ስጠኝ በቃ። ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ ሌላ መስታወት እሠራለሁ።»

«አትነካትም!»

በጩኸታቸው ኢልሃም ነቃች። መኪናዋን ተቀበለች። እንድሪስ ለቅሶዋን ጠበቀ። እሷ ግን ነጩን መስታወት ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«ጉም ነው» አለች። «ጣርማ በር ላይ ናት።»

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሲወስዳት ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እንድሪስ መብራት አብርቶ በእግር እርምጃ ነዳ፤ እሷም እጁን ያዘች። ያን ቀን ከእነሱ ሌላ ማንም አልነበረም።

«ሹፌሩ አይታይም እኮ» አላት ቢተው በመስኮት።

«ይኑር እንጂ» አለች። መብራቷን አበራችና መኪናዋን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ አድርጋ ነዳቻት። መስታወቱን ማንም እንዳይቀይር አስማለቻቸው። ሦስቱም ማሉ።

እንድሪስ ያን ሰሞን ጭነት አልወሰደም። ከመጣ በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ኢልሃም ሞተች። መኪናዋ ትራሱ ላይ ነበረች።

ለቀስተኛው ሲበተን ዘምዘም የልጇን ዕቃ አወጣች። ልብሷን፣ ጫማዋን፣ ቦርሳዋን ለተቸገሩ ልጆች ሰጠች። ዓይኗ እያየው መኖር አልቻለችም። መኪናዋ ብቻ ቀረች። ሦስቱን ሰዎች ጠርታ መሀላቸው አስቀመጠቻት።

«የልጄ ዕቃ ሁሉ ሄዷል» አለች። «ይቺ የማን ናት? ከእናንተ የአንዳችሁ ከሆነች ይውሰዳት፤ እኔ ቤት ግን አታድርም። የእሷ ከሆነች ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ላሉት ልጆች እልካታለሁ።»

«እኔ ነኝ ያመጣኋት» አለ እንድሪስ። «እኔ ባላመጣት ማንም ምንም አይሠራም ነበር። ውስጧ ያለው ሹፌር እኔ ነኝ። ጋቢናዬ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ መንገዱን ሁሉ አብራኝ ትሄዳለች።»

«ማምጣትማ አመጣህ» አለ ሙሄ። «ቁም ሳጥን ላይ ያለ ካርቶን አመጣህ። እኔ ባልከፍተው እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነበር፤ ልጅቷም ሳታያት ትሞት ነበር። እያንዳንዱን ቁራጭ ከእሷ ጋር ነው ያነሣሁት። ወላሂ የቱ ቁራጭ በየትኛው ቀን እንደገባ እነግራችኋለሁ።»

ቢተው ቀጠለ። «እኔ ዘመድ አይደለሁም። ግን ቀይ ሳለች አቅፋት አልተኛችም። ያቀፈችው እኔ የቀባኋትን ነው። እጄ ያረፈበትን ብትፍቁት የምትቀረው የማንም መኪና ናት።»

«አንተ ሳትጠይቅ ነው የፋቅኸው!» አለ ሙሄ።

«አንተስ ጠይቀህ ነው የከፈትከው?» አለ እንድሪስ።

«አንተ ደግሞ መስታወቷን አበላሸህ!»

«አላበላሸሁም! ጉም ነው ብላለች!»

ዘምዘም እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እኔ የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ነው» አለች። «አመጣሁ፣ ሠራሁ፣ ቀባሁ አላችሁ። የእሷ ናት ያለኝ ሰው አልሰማሁም።»

መኪናዋን በሻርፗ ጠቀለለች። «ነገ ጠዋት እሰጣታለሁ» ብላ ጓዳ ገባች።

እንድሪስ ሁለቱን እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። ሙሄን አልጨበጠውም፤ ቢተውንም ደህና እደር አላለውም። በሩን ግን ወዲያው አልዘጋም፤ ሁለቱ የመንገዱን ጥግ ዞረው እስኪጠፉ ይዞት ቆመ። ያን ቀን ያደረገው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ ሲነጋ ዘምዘም እናንተ ናችሁ እንበል። ሻርፑን ፈታችሁ መኪናዋን የምትሰጡት ለማን ነው? ላመጣት አባት? አብሯት ለሠራት አጎት? እንድታቅፋት ላደረገው ጎረቤት? ወይስ ስማቸውን ለማታውቋቸው ሕመምተኛ ልጆች? ለማን ትገባለች?