የትርንጎ ፍርድ

ትርንጎ የሆቴል አስተዳደር ተማሪ ነበረች። የመጨረሻውን መንፈቅ በአንድ የሐይቅ ዳር ሪዞርት በተግባር ልምምድ እንድታሳልፍ ተላከች። የምትመረቀው የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ መኩሪያ ጥሩ ውጤት ከሞሉላት ብቻ ነው።

አንድ እሑድ በምሳ ሰዓት፣ አገር የሚፈራቸው ባለሀብት አቶ ደርበው ስልክ ሲያወሩ የቀረበላቸው ሾርባ ቀዘቀዘ። ስልኩን ዘግተው አንድ ማንኪያ ቀመሱና አቶ መኩሪያን አስጠሩ። ሰው ሁሉ እየሰማ ወረዱባቸው። ይህም አልበቃቸው ብሎ ስታስተናግድ አጠገባቸው ወደቆመችው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

"አንቺ ተማሪ ነሽ አሉ። ይሄ አለቃሽ የሆቴል ሥራ አያውቅም ብያለሁ። ተሳስቻለሁ?"

"አዎ" ብትል እንግዳ መድፈር ነው፤ "የለም" ብትል ውጤቷን የሚሞሉላትን ሰው ማዋረድ። አቶ መኩሪያ ወለል ወለሉን ያያሉ። ትርንጎ እጇን አጣምራ ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ እንግዳ ፈጽሞ አይሳሳትም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራውን አያውቁም ካልን ይሄም ትምህርታቸው ስሕተት ነው፤ ያኔ እርስዎም እንደ ማንኛችንም ይሳሳታሉ። እኔስ አልሳሳትም ካሉ ደግሞ፣ እሳቸው ሥራውን በደንብ ያውቃሉ ማለት ነው። የቱ ይሻልዎታል?"

አቶ ደርበው ማንኪያቸውን እንደያዙ አሰቡ፣ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው።

"በይ፣ ሾርባውን አሙቂልኝ" አሉ።