የመጀመሪያው «በቃኝ»

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ መንገደኛ በሚበዛበት ወንዝ ዳር ሆቴል ከፈተ። የሠራተኞቹ አለቃ ቀበሮ ነበር። ቀበሮም ማን ምን እንደሚችል አልጠየቀም፤ ማን እንደሚያሞግሰው ብቻ አየ። «አቶ ቀበሮ፣ ጅራትዎ ሲያምር!» ያለውን ጅብ አስተናጋጅ አደረገው። ማሞገስ የማታውቅበትን አህያ ሻንጣ አሸከማት።

ለጅቡ ሥራውን ያሳየው አልነበረም። እንግዳ ሁለቴ ጎርሶ ለወጉ ያህል «በቃኝ» ሲል፣ ጅብ ሆዬ «እሺ!» ብሎ ትሪውን ያነሣና ጓዳ ገብቶ ይልሰዋል። እንግዶቹ ሆዳቸው እየጮኸ ሻንጣቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ። የተመለሰ የለም።

አንበሶ ተቆጣ። «ማነው እንግዳዬን የሚያሸሽብኝ?»

«አህያዋ ናት፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሄደው ሁሉ ከእሷ ጋር ነው የሄደው።»

አንበሶ አሰብ አደረገ። «እንግዲያው ከበሩ ትነሣ! ሻንጣውን ጅቡ ይሸከም። ነገ ምሳ እኔን እሷ ታስተናግደኝ። ካላወቀችበት ትባረራለች።»

አህያ ውርንጭላዋን የምታሳድግበት ሌላ ሥራ የላትም። ሮጣ ወጥ ቤት ገባች።

«እመት ጦጢት፣ እባክሽን አሳይኝ! ትሪ ይዤ አላውቅም።»

«ጉድ ነው! እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለች ወጥ ሠሪዋ ጦጢት ማማሰያዋን አስቀምጣ። «ስሚ፤ የመጀመሪያው በቃኝ ጨዋነት ነው። ትሪውን እንዳታነሺ! በሞቴ እያልሽ ትለምኛለሽ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«ንቅንቅ አትበይ። ይሄ እንኳ አያቅትሽም።»

እውነቷን ነው። አህያዋ ካልፈለገች እንኳን በምክር በዱላም አትነቃነቅ።

በማግስቱ አንበሶ ሁለቴ ጎረሰና አፉን ጠረገ። «በቃኝ።»

አህያዋ አራት እግሯን ተከለች። «በሞቴ ጌታዬ፣ አንዲት ጉርሻ!»

«አንቺ ደፋር! ለአንበሳ በሞቴ ይባላል እንዴ?» አለ ቀበሮ ከኋላ።

«በቃኝ አልኩሽ!» አለ አንበሶ።

«አፈር ስሆን! ሳይበሉማ ከዚህ አልነሣም።»

አንበሶ አፈጠጠባት። ቀስ ብሎም አፉን ከፈተ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን የከፈተው ለጉርሻው ነበር! ትሪውን ሙልጭ አድርጎ በላና «በገዛ ሆቴሌ ገና ዛሬ ጠገብኩ!» አለ። «ማነው ይችን ያሠለጠናት?»

«እኔ ነኛ!» አለ ቀበሮ ዘሎ።

በዚህ መሃል ከበር ጩኸት ተሰማ። ጅቡ የእንግዳ ሻንጣ ውስጥ ቋንጣ ሸትቶት ሻንጣውን ከነማንጠልጠያው እየሰለቀጠ ነው።

«ጎበዝ አሠልጣኝ ነህና ይህንንም አሠልጥነው» አለ አንበሶ። «እስኪገባው ድረስ ግን ሻንጣውን አንተ ተሸከም።»

አህያዋ በሆቴሉ ስሟ የሚነሣ አስተናጋጅ ሆነች። ቀበሮም ጅቡ እስኪገባው እየጠበቀ ይኸው ሻንጣ ሥር አረጀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኛ ጠባዩ ታይቶ ከተመደበና ሥራውን የሚያሳየው ካገኘ፣ ነውር ይባል የነበረው ግትርነቱ እንኳ ሙያ እንደሚሆንለት ነው።