የሽኮኮ ይሉኝታና አራቱ ገሎች

«ተረት መጣች!» ስላችሁ «ትግባ፣ ጥላው ስር ትቀመጥ!» በሉኝ። እንግዲህ ገባች፣ ተቀመጠችም። አዳምጡ።

ድሮ፣ ድንጋይም ሸክላም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ቆላ ውስጥ ግድግዳው የቀላ፣ ወለሉ አሸዋ የሆነ ጠባብ ሸለቆ ነበር። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ይልና «አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል። በሸለቆው ውስጥ እመት ሽኮኮ ከሦስት ልጆቿ ጋር በአለት ስንጥቅ ትኖር ነበር። ክብ ሆድ፣ አጭር ጆሮና ረጅም ይሉኝታ ነበራት። እንግዳ መጥቶ «ቤትሽ እንዴት ያምራል!» ካላት «ውሰደው» ልትል ምንም አይቀራትም።

ከእሷ በፊት፣ ከእሷም አያት ቅድመ አያት በፊት፣ በሸለቆው ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ገሎቻቸው ግን ቀርተዋል። ገል የተሰበረ ሸክላ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እኛ ቤት ጠርገን የምንጥለው ማለት ነው። የዚያ ሸለቆ ገሎች ግን ይናገሩ ነበር። አራት ነበሩ፤ አንዷ ከሽኮኮ ደጃፍ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ታወራለች።

«እኛ እዚህ የተበተንነው ዝም ብለን አይደለም» ትላለች የደጃፏ ገል። «የድሮ ሴቶች እንስራ አዝለው ከዋሻው ወደ ውሃው ሲመላለሱ፣ የተደናቀፈች ሁሉ እንስራዋን ሰብራለች። ስለዚህ የተቀመጥነው በውሃው መንገድ ላይ ነው። እኔ እህቴን አመለክታለሁ፣ እህቴ እህቷን፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ውሃውን።»

«ውሃ ምን ያደርግልኛል?» ትስቃለች ሽኮኮ። «አለቱ ላይ ያለው ገንዳዬ ሙሉ ነው!»

እውነቷን ነበር። ዝናብ የሞላው የድንጋይ ገንዳ ነበራት።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ እንግዶች መምጣት ጀመሩ።

መጀመሪያ አያ ዝንጀሮ መጣ። ወዲያ ወዲህ ሲል ከእንስራ አንገት የተሰበረችውን ገል አገኘ።

«እኔ የተሰበርኩት» አለችው ገሏ፣ «አንዲት ሙሽራ ‹ባሌ እያየኝ ይሆን?› ብላ ዞር ስትል ነው። ባሏስ ተኝቶ ነበር!»

ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። «እመት ሽኮኮ፣ ይቺን ለመታሰቢያ ልውሰዳት? አንዲት ብቻ ናት።»

የሽኮኮ ልብ «አይሆንም» አለ። አፏ ግን «ኧረ ምን ገዶኝ! ውሰዳት እንጂ!» አለ።

«ሽኮኮ! እምቢ በይው!» ብላ ጮኸች የደጃፏ ገል። ሽኮኮ አፈረች። በጭራዋ እንዳትሸፍናት ጭራ የላትም፤ ስለዚህ ሄዳ ተቀመጠችባት።

ቀጥላ እመት ጅግራ መጣች። እሷ ደግሞ ከእንስራ ሆድ የተሰበረች፣ ነጠብጣብ ያላት ገል አየች።

«ወይኔ! ነጠብጣቧን አየሽልኝ? ይቺማ የአክስቴ ልጅ ናት! ልውሰዳት፤ አንዲት ብቻ!»

«ውሰጃት፣ ውሰጃት» አለች ሽኮኮ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

በሦስተኛው አያ ከርከሮ መጣ። «መንገድ ለፈሪ ነው» ብሎ ከዱካው ወጣ፤ እግር ያልረገጠውን ጥቁር አፈር በአፍንጫው እያረሰ፣ በጀርባው እየተንከባለለ ሄደ። እዚያ የእንስራ ጆሮ አገኘ፤ እጅ የሚያስገቡበትን ማለቴ ነው። በጥርሱ ላይ እንደ ቀለበት ሰካት።

«ቆንጆ ሆንኩ? አንዲት ብቻ ናት!»

«አማረብህ!» አለች ሽኮኮ።

ሦስቱም «አንዲት ብቻ» ነበር ያሉት። ገሎቹም እኮ አራት ብቻ ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ «አላችሁ?» ለማለት እንኳ አልመጣም። ገንዳው መዳፍ አከለ፤ ከዚያ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም ተሰነጠቀ።

«እማ» አለች ትንሿ ሽኮኮ፣ «ምላሴ ድንጋይ ሆነብኝ።»

ሽኮኮ በሩጫ ወደ ደጃፏ ገል ሄደች።

«አሁን ገና ትዝ አልኩሽ?» አለቻት ገሏ። «ስትቀመጪብኝ ጊዜ እኮ ምን ያህል እንደምትከብጂ ነው ያወቅኩት!»

«ስደቢኝ፤ ግን ቶሎ ስደቢኝ። ልጆቼ ሊሞቱብኝ ነው። ውሃው የት ነው?»

ገሏ አዘነች። «እኔ የማውቀው ከአጠገቤ እስከነበረችው እስከ አንገቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ ናት የምታውቀው። እሷን ደግሞ…»

«ዝንጀሮ ወሰዳት» አለች ሽኮኮ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ወደ ዝንጀሮ ገደል ወጣች። ዝንጀሮ አኩርፎ ተቀምጧል።

«ያቺ ገልሽ አዋረደችኝ!» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ሠላሳ ዘመዴን ሰብስቤ ‹አሁን ስሙ!› አልኩ። ዝም! ነካኋት፣ ዝም! ለመንኳት፣ ዝም! ሚስቴ ይኸው እስከ ዛሬ ‹አያ ሸክላ አናጋሪ› እያለች ትጠራኛለች። እንኪ፣ ውሰጂልኝ!»

ወደ ጅግራ ሄደች። ጅግራ ደግሞ «አወይ ጉዴ!» አለች። «ከእንቁላሎቼ ጋር አስቀምጫት ነበር። በጨለማ ለየኋት? ሃያ ቀን ታቀፍኳት! ሃያ ቀን ሙሉ! አልተፈለፈለች፣ አልተናገረች።»

ወደ ከርከሮ ሄደች። ከርከሮ ገሏን ከጥርሱ ላይ እያወለቀ፣ «እኔስ ዝምታዋ አልገረመኝም» አለ። «ጆሮ አይደለች? ጆሮ ይሰማል እንጂ መቼ ያወራል?»

ውሃ የጠማው ሁሉንም ነበርና ሦስቱም ገሎቹን ይዘው ከሽኮኮ ጋር ወደ ሸለቆው ወረዱ።

«ይቺ ከግራሩ ስር ነበረች» አለ ዝንጀሮ፣ አንገቷን እያስቀመጠ። ዝም። «አይ፣ ከድንጋዩ ጎን!» ዝም። «ቆይ ቆይ፣ እዚህ ጋ!» አሁንም ዝም።

«አትልፋ» አለችው የደጃፏ ገል። «እኛ የምንናገረው ከጎናችን ያለውን እያየን፣ ከስራችን ያለውን እየዳሰስን ነው። ከቦታዋ ያነሳኻት ገል ምን አይታ ምን ትንገርህ? እኔም አቅጣጫዋን እንጂ ልክ የተቀመጠችበትን አላውቅም።»

ሽኮኮ አጭር ናት፤ ዓይኗም ለመሬት ቅርብ ነው። በደረቷ ተኝታ አፈሩን ትመረምር ጀመር። እዚህ ላይ ስለ አፈሩ ካልነገርኳችሁ ተረቱ አይገባችሁም። ያ ከላዩ ያለው ጥቁር ቅርፊት ተራ አፈር አይደለም፤ ሕይወት አለው። ከዓይን የሚያመልጡ ጥቃቅን ነገሮች አሸዋውን እርስ በርስ አያይዘው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ያለበሱት ጋቢ ነው። ጋቢውን ለመሸመን ስንት ክረምት ይፈጃል፤ አንድ ኮቴ ግን በአንድ እርምጃ ይቀደዋል። ገል በተቀመጠበት ደግሞ ቅርፊቱ አይበቅልም። ስለዚህ ገሏ ብትነሳም ቅርጿ ነጥቶ ይቀራል።

«አገኘኋት!» አለች ሽኮኮ። በጥቁሩ መካከል አንገት የምታክል ነጭ ምልክት ነበረች። ዝንጀሮ ገሏን አስገባት፤ ልክክ አለች።

«እፎይ!» አለች ገሏ። «የዝንጀሮ ብብት እንዲህ ይሸታል? እህቴ ከእሬቱ ወዲያ ናት፤ ሂዱ!»

ከእሬቱ ወዲያ የነጠብጣቧም ምልክት ተገኘ። ጅግራ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት።

«ሃያ ቀን ታቀፍሽኝ» አለቻት ገሏ። «ያሳፍራል። ግን እውነት ለመናገር፣ ይሞቅ ነበር። ጆሮዋ ከሸለቆው መታጠፊያ አለፍ ብላ ናት፤ ውሃውን የምታውቀው እሷ ናት።»

ከመታጠፊያው ሲያልፉ ሁሉም ቆሙ። ከርከሮ የተንከባለለው እዚያ ነበር። ቅርፊቱ ተፈርፍሯል፣ አፈሩ ታርሷል፣ ነፋስም አሸዋውን አልብሶታል። አንድም ምልክት አልቀረም።

ከርከሮ አንገቱን ደፋ። «ይቅር በዪኝ፤ ቤቴ ልሂድ» አለ።

ሽኮኮ ወደ ኋላ ዞረች። ተከትላት የመጣችው ትንሿ ልጇ ከድንጋይ ጥላ ስር ተኝታለች፤ ምላሴ ማለቱንም ትታለች። ያን ጊዜ ሽኮኮ በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ነገር ለእንግዳ ተናገረች።

«የትም አትሄድም! ያረስከው አንተ ነህ፤ ፈልግ!»

ከርከሮ ደነገጠ። ሽኮኮ ራሷ ከእሱ በላይ ደነገጠች።

ከርከሮም ገሏን በአፉ ይዞ ጀመረ። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ያስቀምጣል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ዝም። ያነሳል፣ አንድ እርምጃ፣ ያስቀምጣል። ዝም። ጅግራ ልታስነጥስ ስትል ዝንጀሮ አፏን ይዞ «እባክሽን!» አላት። ያነሳል፣ አንድ እርምጃ፣ ያስቀምጣል። ፀሐይዋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ተሻገረች። የከርከሮ ጉልበት ተላጠ፣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ አላቆመም። ያነሳል፣ አንድ እርምጃ፣ ያስቀምጣል…

«ቀስ በል አንተ! በጥርስህ ወጋኸኝ እኮ!»

ተናገረች! ዝንጀሮ ዘለለ፤ ጅግራ የያዘችውን ማስነጠስ ለቀቀችው።

«ሴትዮዋ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል እዚህ ነው ከእጇ ያመለጥኩት» አለች ገሏ። «ከፊት ለፊቴ፣ ሁለት ክንድ ወደ ታች!»

መቆፈር እንግዲህ የከርከሮ ሙያ ነው። አሸዋው ሞቀ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ… ጉልብ! ሽኮኮ ውሃውን በአፏ ይዛ ሮጠች። ለትንሿ ጠብ አደረገችላት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና «እማ፣ አሸዋ አለበት» ብላ አማረረች። ሽኮኮ እንደዚያ ቀን ደስ ያሰኛት ማማረር ሰምታ አታውቅም።

ውሃውን ሁሉም ጠጡ። ከርከሮ ያረሰው አፈር ግን እንዳረሰው ቀረ፤ የሱ ጋቢ ገና እየተሸመነ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አያ ቀበሮ ሸለቆውን ሊያይ መጣ። የእንስራዋን አንገት ወሬ ሰማና ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያም «እመት ሽኮኮ፣ አንዲት ብቻ…» አለ።

የሽኮኮ አፍ እንደ ልማዱ «ኧረ ምን ገዶኝ» ሊል ተከፈተ። ልጆቿን አየች፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው።

«አይሆንም።»

ሰማይ አልወደቀም፤ መሬትም አልተሰነጠቀም።

«እንግዳ ይከለከላል እንዴ?» አለ ቀበሮ ቅር ብሎት።

«እንግዳ ውሃ አይከለከልም፤ ጠጣ። ወሬም አይከለከልም፤ የፈለግከውን ያህል ስማ። ከዱካው አትውጣ፣ በመጣህበት ተመለስ። ገሏን ግን ተዋት፤ ነገ ልጅህ ሲመጣ ምን ሊሰማ ነው?»

ቀበሮ ጠጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው አዳመጠ። ሲሄድ የሙሽራዋን ወሬ ይዞ ሄደ፤ ወሬዋም ከሸለቆው አልጎደለችም።

ስለዚህ ነው «ገሏን ያነሳ ሸክላ አገኘ፤ በቦታዋ የተዋት ውሃ አገኘ» የሚባለው።

እኔም አውርቼ አውርቼ ደረቅሁ፤ ቅል ያለው አንድ ጉንጭ ያቀብለኝ።