በስሟ የተማለውን መሐላ እመቤታችን ራሷ ስለ ፈታችው

እናንተ የእመቤታችን ወዳጆች፣ በጥላዋ ሥር የተሰበሰባችሁ ምእመናን ሆይ፣ በደጅ የቆማችሁትም ቀረብ በሉ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአንዲት አገልጋይዋ ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን፤ የለመኗትን የማታሳፍር እናት አማላጅነቷ በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።

ወይራ አምባ በምትባል አገር ወለተ ሐና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እርሷም ዘወትር ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ «ሰላም ለኪ» እያለች ትጸልይና ከዚያም አፏን በውሃ ሳታርስ ወደ ጓሮዋ ትወርድ ነበር። በጓሮዋ ካሉት መደቦች አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ የሆነውን፣ የተሻለውን፣ «የእመቤቴ መደብ» ብላ ለይታው ነበርና ከዚያ የበቀለውን፣ ጎመን ቢሆን ሽንኩርት፣ ድንች ቢሆን ቃሪያ፣ ገበያ አታወጣውም፣ ለብቻዋም አትቀምሰውም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግን ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን፣ ጎረቤትንና መንገደኛን ሰብስባ በአንድ ገበታ ታበላበት ነበር። ስእለቷም እንዲህ የሚል ነበር፦ «እመቤቴ ሆይ፣ እኔ እጄ እስኪዝል አትክልትሽን አጠጣለሁ፤ አንቺ ደግሞ ከልጆቼ አንዱን እንኳ ከገበታዬ አታጉድይብኝ።»

የእርሷን ቤት በዓል የቀመሰ ሰው ምን ይል ነበር መሰላችሁ! ለእንቁጣጣሽ የበቆሎው እሸት ይጠበሳል፤ ለመስቀል ጎመኑ ተከትፎ ከአይብ ጋር ይቀርባል፤ ለገና የዶሮው ሽንኩርት ከዚያው መደብ ተነቅሎ ይላጣል፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ ይቀቀላል፤ ጾመ ፍልሰታ ሲገባም ድንቹ ከቅዳሴ ለሚወጡት ምእመናን ይበቃል። ከሁሉ ይልቅ የምትወደው ግን ግንቦት ልደታን ነበር። እመቤታችን ከቤት ውጭ በሊባኖስ ተራራ መወለዷን ለማሰብ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣልና፣ ንፍሮውም እያንዳንዱ ቤት ካመጣው እህል በአንድ ድስት ይቀቀላልና፣ የአንዱ ስንዴ ከሌላው ባቄላ ጋር «ይህ የማን ነው?» ሳይባል አብሮ ይበላል።

ለወለተ ሐና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ታላቁ አጥናፉ እንግዳ ወዳድና ልበ ቅን ነበር፤ ቁጣው ሲነሣ ግን አያድርስ ነው። ታናሹ ይግለጡ ደግሞ ሥራውም ወሬውም የሚያምርለት ቀልደኛ ነበር፤ ተራ መጠበቅ ግን አያውቅም። የአጥናፉ መሬት ከምንጩ ሥር፣ የይግለጡ ከአጥናፉ በታች፣ የእናታቸው ጓሮ ከሁለቱም በታች ነበርና የምንጩ ውሃ እናታቸው ዘንድ የሚደርሰው በሁለቱ ልጆቿ መሬት በቦይ አልፎ ነበር።

በአንድ ዓመትም በሚያዝያ ወር ይግለጡ በወንድሙ የውሃ ተራ፣ ሳያስፈቅድ፣ ቦዩን ወደ ራሱ መልሶ ችግኙን አጠጣና የአጥናፉ ነጭ ሽንኩርት ደረቀ። ግንቦት ልደታም ደረሰና ሁሉም ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ንፍሮው ሲቀርብ አጥናፉ፣ «ውሃዬን ለሰረቀኝ ሰው ደግሞ ንፍሮ ላቀብለው?» አለ። ይግለጡም ነገሩን በቀልድ ሊያሳልፈው ፈልጎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሽንኩርትህ ቢደርቅ ምን አለበት፤ አንተ ራስህ ለምልመህ የለም እንዴ!» አለው፤ ሰውም ሁሉ ሳቀ። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። አጥናፉ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ብድግ አለና፣ «ማርያምን! ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ገበታ ብቀርብ ይህችው ልደታ ትፍረድብኝ!» ብሎ ማለ። አቤት ድፍረት! በልደቷ ቀን፣ በስሟ፣ ያውም በእናቱ ፊት! ከዚያም ሚስቱን የሺመቤትንና ልጆቹን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያም ዓመቱ መዞር ጀመረ። ፍልሰታ መጣ፣ አጥናፉ አልመጣም፤ እንቁጣጣሽ መጣ፣ አልመጣም። ወለተ ሐና ግን በየበዓሉ በገበታዋ ዙሪያ ቦታውን ክፍት ትታ ትጠብቀው ነበር፤ በዚያ ቦታ እንግዳ ሊቀመጥ ሲል፣ «የኔ ጌታ፣ እዚህ በኩል ይሁንልህ፣ ባለቤት አለው» ትል ነበር። የተረፈውንም ይዛ ወደ አጥናፉ ቤት ስትሄድ፣ «እማዬ፣ ከአንቺ ጋር ምን ጠብ አለኝ? የይግለጡ እጅ የነካውን ግን አልበላም፤ ምያለሁ» ይላትና ጉልበቷን ስሞ ይሸኛታል።

ክረምቱ አልፎ ቦዩ ሲፈለግ አጥናፉ ውሃውን በድንጋይ ገደበና ከእርሱ የተረፈውን ወደ ገደሉ ለቀቀው። ለእናቱ ግን አስቦ፣ «በእንስራ እያስቀዳሁ እልክልሻለሁ» አላት። እርሷም፣ «ልጄ፣ ወንድምህን አስጠምቶ የመጣ ውሃ ለእመቤቴ አትክልት አይሆንም» አለችውና ከወንዝ እየቀዳች በጀርባዋ እያመጣች ታጠጣ ጀመር። ጎረቤቶቿም፣ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ልትሞቺ ነው፤ ተይ!» ቢሏት አልሰማቻቸውም።

የንስሐ አባታቸው አባ ዘሚካኤልም አጥናፉን ጠርተው፣ «ልጄ፣ በቁጣ የተማለ መሐላ ነው፤ ተመለስ፣ ቀኖና ልስጥህና ልፍታህ» አሉት። እርሱ ግን፣ «አባቴ፣ በሌላ ብምል ኖሮ እሺ ባልሁ፤ በእርሷ ስም ምዬ እንዴት አፈርሳለሁ? እኔ ማርያምን እፈራለሁ» አላቸው። «ወንድምህን በመጥላትህ ደስ የሚላት ይመስልሃል?» ቢሉትም፣ «ራሷ ካልፈታችኝ ሰው አይፈታኝም» ብሎ ወጣ። እናንተ ሆይ፣ በዚህ ሰው አትፍረዱበት፤ እልኸኛነትን አክብሮት እያልን የምንጠራ ስንቶቻችን ነን?

ፋሲካም መጣ። አጥናፉ በቤቱ በግ አርዶ ተቀመጠ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሣ ከታች ከእናቱ ቤት የልጆች ጫጫታ ተሰማውና ጉርሻውን መልሶ ከገበታው አኖረው። የሺመቤትም፣ «አንተ ሰው፣ የናፈቀህን ታውቀዋለህ» አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ወለተ ሐና ከወንዝ ስትመለስ አዳለጣትና ከነእንስራዋ ወድቃ ወገቧን ተመታች፤ ከአልጋም መነሣት አቃታት። የእመቤታችን መደብም ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ጎመኑ ጠወለገ፣ አፈሩም ተሰነጣጠቀ። እርሷም በአልጋዋ ሆና አለቀሰችና፣ «እመቤቴ ሆይ፣ እንግዲህ አትክልትሽን ማጠጣት አልቻልሁም፤ ውለታ የለኝምና በምን አፌ ልለምንሽ? ቢሆንም እለምንሻለሁ፤ ሁለቱን ልጆቼን በአንድ ገበታ ሳታሳይኝ አትውሰጂኝ» ብላ ጸለየች።

የልደታ ዋዜማም በሆነ ጊዜ አጥናፉ በማለዳ ከግድቡ አጠገብ ሲኮተኩት ሕፃን ያዘለች፣ እግሯ አቧራ የለበሰ አንዲት ሴት በቦዩ ዳር መጥታ፣ «እንደምን አደርህ?» አለች። አጥናፉም መኮትኮቻውን ጥሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን! ቤት ለእንግዳ፤ ግቢ እኅቴ» ብሎ ወደ ቤት አስገባት፤ የሺመቤትም እግሯን አጥባ ገበታ አቀረበችላት። እንግዳዪቱ ግን ከበሩ መድረክ ላይ ተቀመጠችና ወደ ገበታው አልቀርብም አለች።

አጥናፉም፣ «ብዪ እንጂ! ምነው፣ ነውር አገኘሽብን?» አላት።

እርሷም፣ «ነውር አላገኘሁም። ነገር ግን ከገበታ ተባርሬአለሁ፤ ዛሬ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለችው።

አጥናፉም ደሙ ፈላና፣ «ሕፃን ያዘለች ሴት ከገበታ የሚያባርር ምን ዓይነት አረመኔ ነው? የት አገር ነው? ንገሪኝና እኔ ራሴ ሄጄ እፋረድልሻለሁ!» አለ።

እርሷም ቀና ብላ አየችውና በቀስታ እንዲህ አለችው፦ «እናቱ በየበዓሉ ለእኔ ዝክር ትዘክራለች፤ እኔም ወደ ገበታዋ እመጣለሁ። ልጇ ግን በሰው ሁሉ ፊት ስሜን ጠርቶ ወንድሙን ከገበታው ለየው፤ ወንድማማች ባልተቀመጠበት ገበታ እኔ እንዴት ልቀመጥ? ከደጅ ቆሜ እመለሳለሁ። አጥናፉ ሆይ፣ በስሜ ያስወጣኸው ወንድምህን ብቻ መሰለህ?»

ይህን በሰማ ጊዜ አጥናፉ በግንባሩ ተደፋ፤ የሺመቤትም ከጎኑ ሰገደች። እመቤታችንም፣ «የማልህበት ስም የእኔ ነው፤ እኔም ፈትቼሃለሁ። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ቀኖናህን ተቀበል፤ ነገም ልደቴ ነውና ከእናትህ ገበታ አትጉደል» አለችው። ቀና ብሎ ሲያይ ከመድረኩ ላይ ማንም አልነበረም።

እየሮጠም ወደ ግድቡ ሄደ፤ እነሆም የሰው እጅ ሳይነካቸው ድንጋዮቹ ወዲህና ወዲያ ተለያይተው ውሃው ወደ ይግለጡ መሬት ይወርድ ነበር። አጥናፉም ከግድቡ ድንጋይ አንዱን አንሥቶ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው በጫንቃው ተሸክሞ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። ይግለጡ ደግሞ በታች ሆኖ ውሃው ሲመጣ አየና፣ «ወንድሜ ራራልኝ፤ እኔ ግን በደሌን አንድ ቀን እንኳ አላመንሁም» ብሎ እርሱም ድንጋይ ተሸክሞ ሽቅብ ይመጣ ነበርና ሁለቱ ከመንገድ ተገናኙ። እያንዳንዳቸውም ድንጋያቸውን ተሸክመው ቆሙ፤ ከወዲህ «ይቅር በለኝ»፣ ከወዲያ «አንተ ይቅር በለኝ» ይላሉ፤ ድንጋዩን የሚያወርድላቸው ግን ጠፋ። በመጨረሻም ይግለጡ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ አንገቴ ሊሰበር ነው!» ሲለው ሁለቱም ድንጋዮቻቸውን ጥለው ተቃቀፉና ተላቀሱ።

ወለተ ሐናም በአልጋዋ ሳለች ከጓሮዋ የውሃ ድምፅ ሰማችና ወገቧን ረስታ ተነሣች። ስትወጣም የጠወለገው ጎመን ቀና ብሎ፣ የተሰነጠቀው መደብ ረክቶ አየች፤ ሁለቱንም ልጆቿን በቦዩ ዳር ጎን ለጎን ሲመጡ አየች። እልልታዋም ከደብሩ ድረስ ተሰማ፤ ሕመሙም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተዋት።

አጥናፉም በዚያው ቀን ወደ አባ ዘሚካኤል ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራቸውና ቀኖናውን ተቀበለ። በማግሥቱ ከዋርካው ሥር የአጥናፉ ስንዴና የይግለጡ ባቄላ በአንድ ድስት ተቀቀለ፤ ከእመቤታችን መደብ የተቀነጠበውም ጎመን ለመንደሩ ሁሉ በቅቶ ተረፈ። ሁለቱ ወንድማማቾች በእናታቸው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እርሷም በሁለት እጆቿ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጎረሰቻቸው። የሺመቤትም፣ «እማማ፣ እርስዎስ? እህል አልቀመሱም እኮ» ብትላት፣ ወለተ ሐና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ተዪኝ ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ርቦኝ ነበር፤ አሁን ጠገብሁ» አለቻት።

የሰሙትም ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እመቤታችንንም ከፍ ከፍ አደረጓት።

እኛንም እንዲሁ ትጎብኘን። ከመካከላችን በስሟ ምሎ ከወንድሙ የተለየ ቢኖር ዛሬውኑ ትፍታው፤ የመጀመሪያውን የይቅርታ ቃል ለማውጣት የከበደውን አፍ ታቅልልለት። ጓሯችሁን ታለምልም፣ ገበታችሁን ትባርክ፣ ከምትወዱት ሰው አንድ እንኳ ሳታጎድል ከበዓል ወደ በዓል ታድርሳችሁ። ይህን የሰማችሁ፣ ያሰማችሁም፣ በልጇ በወዳጇ ቸርነት ለዘለዓለም ተጠበቁ፤ አሜን።