የአርባኛው ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የጥይት ፋብሪካ ነበር። ሠራተኞቹ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ሰጠ፤ ፋብሪካው ሲሚንቶና ቆርቆሮ አቀረበ፤ ሠራተኞቹም እሑድ እሑድ በደቦ ግድግዳውን አቆሙ። እንዲህ ተስማምቶ የሚሠራ መሥሪያ ቤት እኔ ብዙም አላየሁም። ችግሩ፣ ቤት ፈላጊው አርባ ሁለት፣ ቤቱ አርባ ሆነ። ዕጣ ይውጣ ተባለ።

ቤቱም አርባ የሞላው በትርንጎ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ለሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ሲበቃ፣ ጥይት በሣጥን የምታሽገው ትርንጎ የአባቷ ቤት ፈርሶ ባዶ የቀረውን ቦታ ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጠች፤ አርባኛው ቤት እዚያ ላይ ቆመ። መልሳ የምትሠራበት አቅም አልነበራትም፤ ከእናቷ ጋር ሰው ጓሮ ተጠግታ ነበር የምትኖረው። "ዕጣው ለኔም ይወጣ ይሆናል" አለች እንጂ ምንም አላስፈረመችም።

የዕጣው ቀን ደርቤ የሚባል ሠራተኛ የፋብሪካው ቦይለር፣ የእንፋሎት ምድጃው፣ ላይ ተረኛ ነበር። የቦይለር እሳት ደግሞ ያለ ጠባቂ አይተውም። ባልደረባው ንጋቱ መጣና፣ "አንተ የአራት ልጆች አባት ነህ፤ ሂድ። እሳቱን እኔ እይዝልሃለሁ፣ ለኔም አንተው አውጣልኝ" አለው። ንጋቱም ቢሆን የተመቸው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፣ አከራዩ ልቀቅ ካለው ሳምንት ሆኖታል።

ደርቤ ሲደርስ ትርንጎ ባዶ ወረቀት አውጥታ ጥግ ቆማለች። የቀሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ለንጋቱም እንዲያወጣ ተፈቀደለት። በችኮላ ሁለቱንም ባንዴ አነሳ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ። የቱ የማን እንደሆነ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። የቀኙ ሲከፈት አርባ ቁጥር፣ የግራው ባዶ።

ሰዉ "እንኳን ደስ ያለህ" አለው። ዝም ብሎ ቢወስደው የሚያውቅበት አልነበረም። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ሄደ።

"ንጋቱ፣ ሳነሳ ያንተን ከኔ አልለየሁም።"

"በልብህስ?"

"በልቤም።"

"እኔ እሳቱን ባልይዝልህ አንዱንም አታነሳም ነበር" አለ ንጋቱ።

ደርቤና ንጋቱ፣ ነገሩን የሰማችው ትርንጎም፣ ዕጣውን ያወጣው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። እንደገና ዕጣ ይጣል ሲባል ትርንጎ ተነሳች። "እነሱ የራሳቸውን ካልለዩ፣ ቦታው የማን እንደነበር እኔ አውቃለሁ" አለች።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቁልፉን ወደ ከንቲባው ገፋ አደረጉት። "መሬቱ የከተማው ነው፤ እርስዎ ይወስኑ።"

ከንቲባው መልሰው ገፉት። "ሠራተኞቹ የእርስዎ ናቸው።"

አርባ ቤት አብረው የሠሩ ሰዎች አንድ ቁልፍ መስጠት አቃታቸው። ክረምቱ ገባ፣ የንጋቱ ሚስት ወለደች፣ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው። እኔም ቁልፉን ወደናንተ ገፍቼዋለሁ፦ መሬቱን ለሰጠችው፣ እሳቱን ለያዘው፣ ወይስ እውነቱን ለተናገረው? ለማን ይገባል?