የጋርዳ ዳገትና ባዶዋ ፒክአፕ

አንድ ሰው ነበር። ፒክአፕ ነበረችው። የኋላ ጎማዋ ብቻ የሚገፋ፣ የፊቱ ደግሞ እየተገፋ የሚሄድ ዓይነት፣ ለአስፋልት የተሠራች። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ጋቢና ውስጥ ቦታ መለመን ብቻ ነው፤ ይህን ያስረዱኝ ሌሎች ናቸው።

ሰውየው ግን የፈለጋት ለአስፋልት አልነበረም፤ ለጋርዳ ዳገት ነበር። ጋርዳን የረገጣችሁ ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል፤ በቅሎ እንኳ አስባ ነው የምትረግጠው። እናቱ ከዳገቱ አናት ላይ ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቱ ታመው፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሲያወርዳቸው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ነፍሳቸው ወጣች። ያን ቀን ማለ። «እናቴ በቃሬዛ አትወርድም። በመኪናዬ ነው የማወርዳት» አለ።

ክፉ መሐላ ነው? አይደለም። እንዲህ የማይመኝ ልጅ የማን ልጅ ነው?

አራቱም ጎማ የሚገፋ ፎርዊል ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ያችኑ ፒክአፕ ጋራዥ አስገባት። ባሌስትራ፣ ከሥር የሚሸከማትን የብረት ምላጭ፣ አስጨመረና ከፍ አደረጋት። ጥርሱ የጎላ ትልልቅ ጎማ አሰረላት። ሆዷን ድንጋይ እንዳይመታት ከሥር ወፍራም ብረት አስበየደ። ከዚያ ደግሞ መቀነስ ጀመረ። የካሶኒውን፣ የዕቃ መጫኛዋን፣ የኋላ በር አስፈታ። ትርፍ ጎማውን ሳይቀር ቤት አስቀመጠው። ለምን? የቀለለ ይወጣል ብሎ ነዋ!

ሜካኒኩ ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ምን ልትጭንባት ነው?» አሉት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሼ። ባዶዋን ነው የምትወጣው።»

ጋሽ ሽብሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉት።

ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለ። እናትህ እህል ከቀመሱ ሦስት ቀናቸው ነው፣ ውሃም ሆዳቸው ውስጥ አልረጋ ብሏል፣ ድረስ አሉት። ቁልፉን አንስቶ በረረ።

ዕለቱ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነበር። ሰባት ሰዎች ከገበያ ወደ ጋርዳ እየተመለስን ዳገቱን ልንጀምር ነው። አዎ፣ ወገኖቼ፣ እንዴት አወቅህ እንዳትሉኝ፣ ከሰባቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። እጃችንን አነሣን። «ጫነን!» አልን። በመስኮት እጁን አወዛወዘና አለፈን። ጭቃውን ረጨብን። ከፊሉ ያረፈው በዚህች በለበስኳት ኮት ላይ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረስንበት። የት? መታጠፊያው ጋ። አባቱ ያረፉበት ቦታ ላይ። ያ ሁሉ ባሌስትራ፣ ያ ሁሉ ጎማ፣ ባለበት ይሽከረከራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭቃው ይፈናጠራል፣ መኪናዋ ግን ስንዝር አትሄድም። ሰውየው ተንበርክኮ ድንጋይ በእጁ ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ጥፍሩ ደምቷል። እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

እኔስ ምን አልኩ? እኔ የወንጌል አገልጋዩ? በሆዴ «ይበለው!» አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ከሰባታችን አንዷ እትዬ ዳመነች ግን እንደ እኔ አላሉም። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ከገበያ ገበያ ዞረዋል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉት።

«እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እትዬ። መኪናዋ እምቢ አለችኝ።»

«እምቢ አላለችም፤ ባዶ ናት። የሚገፋው የኋላው ጎማ አይደል? በላዩ ላይ ምን አለ? ነፋስ! በምን ጉልበቱ መሬት ይርገጥ? በል፣ ጫነን።»

«ከብዳ ትሰምጥብኛለች!»

«ስንቱን ዳገት ካሶኒ ላይ ተቀምጬ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዳገት ሲደርስ ሾፌሩ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‹ወደ ኋላ ተጠጉ!› ነው የሚለው። ከእኔ ጋር ልትከራከር ነው?»

ወጣን። ሰባት ሰው፣ የእትዬ ዳመነች የቅቤ ቅል፣ አንድ ጆንያ ጨው፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንዲት ፍየል። እኔም ከነኀጢአቴ። ልክ ከጎማው በላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ካሶኒው በር የለውምና እንዳንወድቅ እርስ በርስ ተያያዝን።

እትዬ ዳመነች የጋቢናውን ጣሪያ ደበደቡ። «ቀስ! አታስጩሃት!»

አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጎማው አንዴ ዞረ። ሁለቴ ዞረ። ከዚያ ነከሰ።

ወገኖቼ፣ ከተቀመጥኩበት ሥር ተሰማኝ። ጎማው መሬቱን ሲይዝ በአጥንቴ ተሰማኝ። ያ ዳገት ከኋላችን እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። መታጠፊያውን አለፍን። እግዚአብሔርን በብዙ ቦታ ፈርቼዋለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን ፈርቼው አላውቅም። ፀጉሬ ቆመ። ስንከብድባት ወጣች! ስንከብድባት!

ጋርዳ ስንደርስ ማናችንም ወደየቤታችን አልሄድንም። ካሶኒው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ልጅየው እናቱን አቅፎ አምጥቶ አስተኛቸው፤ እኛም ዙሪያቸውን ይዘን ልንወርድ ተቀመጥን። እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው አዩን።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣኸው?»

«እማዬ፣ እኔ አላመጣኋቸውም» አላቸው። «እነሱ ናቸው እኔን ያመጡኝ።»

ወርደን ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ሐኪሙ «አንድ ቀን ቢያድሩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አለን። ዳኑ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እኛ ምን ብለን ነው የምንጸልየው? «ጌታ ሆይ፣ አቅልልልኝ!» አይደል? ሸክም ሁሉ መልካም ነው አልልም፤ ቂም ተሸክሞ የሚኖር አለ፣ እሱን ዛሬውኑ ይጣለው። እኔ የምላችሁ ስለ ሰው ነው። አማትህን ቀነስካቸው። የሟች ወንድምሽን ልጅ ቀነስሽው። ለቅሶ መድረስ ቀነስን፣ የታመመ መጠየቅ ቀነስን፣ ያ ነዝናዛ ጎረቤት ሲደውል ስልክ አናነሣም። ራሳችንን ግን ከፍ አድርገናል! ጎማ ቀይረናል!

ከዚያ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ባለንበት እንሽከረከራለን። ጾም እንጨምራለን፣ ጸሎታችን ይጮኻል፣ ስንዝር አንሄድም። ለምን? በላያችን ላይ ምን አለ? ነፋስ!

ያ ሰው ዛሬ የካሶኒውን በር መልሶ አስገጥሟል። ሐሙስ ሐሙስ ዳገቱ ሥር ይቆማል። ሰው ሳይሞላለት አይነሣም።

እናንተ ከዳገቱ ሥር እጁን ሲያነሣላችሁ ጭቃ ረጭታችሁበት ያለፋችሁት ማን ነው? ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ይኸው አሁን ትዝ እያላችሁ ነው። ውለታ የምትውሉለት እንዳይመስላችሁ። ያለ እሱ መታጠፊያውን አታልፉም፤ እናታችሁም ከዳገቱ አናት ላይ ሆና ትጠብቃለች። ተመለሱና ጫኑት።